የጭረት ጥገና በስታዲየም ዙሪያ፦ ከሰዓት መስታወት እስከ ላፕቶፕ ስክሪን

ጭረትን አሽቶ የማጥፋት ሥራ ላፕቶፕ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ይታወቅ ነበር። መጀመሪያ የሰዓት መስታወት፣ ኋላም ሲዲ በዚህ ዘዴ ታሽቷል፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ኮልጌት፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ትዕግሥት ነበር። ዘዴው በሁለቱም ላይ በደንብ ሠርቷል። ላፕቶፕ ሲመጣ ብዙ ሰው ይህንኑ ወደ ስክሪኑ አሻገረው፤ እዚያ ላይ ግን ከሸፈ። ምክንያቱ የስክሪኑ አሠራር ነው። በዚህ የተነሣ ጠጋኙ ማሸቱን ትቶ ወደ መቀየር ዞረ። ይህ ለውጥ በግልጽ ከሚታይባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንዱ ስታዲየም ነው።

ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ ለዕቃ መግቢያ በር ቅርብ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ። ሰዓቱ፣ የጽሕፈት መኪናው፣ የስፌት መኪናውና ግራሞፎኑ ከባሕር ማዶ ወደ ከተማይቱ ይገባ የነበረው በዚህ መስመር ነው። ሱቁና ጥገናው ግን መጀመሪያ የከተመው ከጣቢያው ሽቅብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ በከፈቱበት በፒያሳ በኩል ነበር። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ያለው አካባቢ የሕዝብ መሰብሰቢያ የሆነው ስታዲየሙ ከተሠራ በኋላ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው በዚሁ ሜዳ ነው። ከትሪቡኑ ሥርና ከአጥሩ ዙሪያ የተከፈቱት ሱቆች፣ ከአምባሳደርና ከለገሃር የሚመጣው እግረኛ፣ በኋላም የታክሲው ሰልፍ ሰፈሩን ለጥቃቅን ንግድና ለጥገና የተመቸ አደረጉት።

የሰዓት መስታወት ሲባል የሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእጅ ሰዓቶች አብዛኛዎቹ በእውነት መስታወት አልነበራቸውም። ፊታቸውን የሸፈነው አክሪሊክ የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሰዓት ፋብሪካዎች ቶሎ ወሰዱት፤ ምክንያቱም ሲወድቅ አይሰባበርም። ድክመቱ በቀላሉ መጫሩ ነው። የቁልፍ ጫፍ፣ የግድግዳ ግጭት፣ የሸሚዝ እጅጌ ውስጥ የገባ አሸዋ ሁሉ ይጭረዋል።

ሰዓት ሠሪው ይህን የሚጠግንበት መንገድ ቀላል ቢመስልም ትክክለኛ እጅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ጥፍሩን በጭረቱ ላይ በአግድም ይጎትታል። ጥፍሩ ካልተያዘ ጭረቱ ጥልቀት የለውም፤ ኮልጌት በጨርቅ ነክቶ በትንሽ በትንሹ እየዞረ ማሸት ይበቃዋል። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን በውኃ የራሰ በጣም ልም የብርጭቆ ወረቀት ይቀድማል፤ መስታወቱ በሙሉ ጭጋግ እስኪመስል ድረስ ይታሻል። ልምድ የሌለው ደንበኛ እዚህ ላይ ሰዓቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ኮልጌቱ ወይም ነሐስ የሚወለወልበት ብራሶ ይመጣል፤ ጭጋጉ ቀስ እያለ ይገፈፍና ቁጥሮቹ እንደገና ጥርት ብለው ይወጣሉ። በኮልጌት ውስጥ ያለው የኖራ ወይም የሲሊካ ደቃቅ ዱቄት ጭረቱን አይሞላውም። የሚያደርገው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። አክሪሊኩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ውፍረቱም ስለሚበቃ ጥቂት ቢሸረሸር ምንም አይጎድልበትም። የማሸት ጥበብ በሙሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

በኤሌክትሪክ ዕቃ የሠለጠነ የአገር ልጅ እየበዛ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፍቶ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ማለትም ከስታዲየም በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የመሳሰሉትን ሙያዎች ያስተምር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ሲጀምር፣ በ1977 ደግሞ በቀለም ማሰራጨት ሲይዝ የቴሌቪዥን ጠጋኝ የሚባል ባለሙያ ከሬዲዮ ጠጋኙ ጎን ቆመ። ይህ ባለሙያ ከጭረት ጋር ብዙም ጉዳይ አልነበረውም። የድሮው ቴሌቪዥን ፊት ከሴንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ንጹሕ መስታወት ነው፤ መስታወት በጥንካሬው ከፕላስቲክ ስለሚበልጥ የቤት ውስጥ ንክኪ ብዙ አይጎዳውም። በብዙ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ በዳንቴል ይሸፈን ነበር። የጠጋኙ ሥራ ከጀርባ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። በቀለም ቴሌቪዥን ውስጥ ከ20 ሺሕ ቮልት የሚበልጥ ኃይል አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በቱቦው ላይ ሊቆይ ይችላል። የዚያ ትውልድ ጠጋኞች ብየዳና መለኪያ እንጂ ማሸት አልተማሩም፤ ይህም ኋላ ላፕቶፕ ሲመጣ ጠቅሟቸዋል።

የማሸቱ ዘዴ እንደገና ነፍስ የዘራው በሲዲ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልምና ዘፈን ከቪዲዮና ከቴፕ ካሴት ወደ ሲዲና ቪሲዲ ተሻገረ፤ የሚያከራዩ ቤቶችም በየሰፈሩ በዙ። አንድ ፊልም በብዙ እጅ ሲያልፍ ፊቱ በጭረት ይሞላል፤ ማጫወቻው ላይም ምስሉ እየተቆራረጠ ይቆማል። አከራዮች የሰዓት ሠሪውን ዘዴ ወሰዱ። ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊካርቦኔት የተባለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ መረጃው የተጻፈው በታችኛው ፊት ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ከሥዕሉና ከጽሑፉ ሥር ባለው ስስ የብረት ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ የታችኛው ፊት ጭረት ሲታሽ መረጃው አይነካም። በዚህ ሥራ የተማሩት አንድ ቁም ነገር አለ፦ ጨርቁ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ መሄድ አለበት፤ እንደ ሰዓት መስታወት ማዞር አይቻልም። መረጃው የተደረደረው በመሀሉ ዙሪያ በሚዞር መስመር ስለሆነ፣ መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ትንሽ ጭረት የሚያጠፋው ጥቂት ነው፤ ማጫወቻውም ያንን በስሌት አሟልቶ ያልፈዋል። መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ብዙ ተከታታይ መረጃ ይሰውራል። በሥዕሉ በኩል የተጫረ ሲዲ ደግሞ የብረት ሽፋኑ ስለሚላጥ መዳኛ የለውም። ብዙ ሰው ሲዲውን ሥዕሉ ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ የነበረው ይህን ባለማወቅ ነው።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ በካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶችና በለገሃር ባንኮች ጠረጴዛ ላይ የነበረው ከባዱ የዴስክቶፕ ሞኒተር ነው፤ ፊቱ እንደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ነበር። ላፕቶፕ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በተማሪና በነጋዴ እጅ የበዛው በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከደንበል ሲቲ ሴንተር አንሥቶ በስታዲየም ዙሪያ ባሉ ሕንፃዎች የኮምፒዩተር ሱቅ እየተከፈተ ሄደ። ብዙው ማሽን ያገለገለ ነበር፤ ወይ በዱባይ በኩል የመጣ፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከው። ከሻንጣው ውስጥ በልብስና በጫማ መሀል ተጨቁኖ ሲመጣ የስክሪኑ ፊት በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ተጭኖ ይሰነብታል። ሲከፈት ቁልፎቹ የተደረደሩበት መስመር በስክሪኑ ላይ እንደ ፍርግርግ ይታያል፤ ባለቤቱም ተጭሯል ብሎ ያዝናል። ጠጋኞች ቶሎ የተማሩት ነገር ቢኖር ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ጭረት አለመሆኑን ነው። ከጣት ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ስክሪን የተላለፈ ቅባት ነው፤ በንጹሕ ውኃ በትንሹ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ያስለቅቀዋል። በዚህ ያልለቀቀው ብቻ ነው ጭረት። ይህን ሳያጣሩ ወደ ኮልጌት የሮጡ ሰዎች ደኅናውን ስክሪን በገዛ እጃቸው አበላሽተዋል።

ለምን እንደሚበላሽ ለመረዳት የላፕቶፕን ስክሪን ከፊት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። በጣት የሚነካ ስክሪን የሌለው ተራ ላፕቶፕ ከፊቱ መስታወት የለውም። እጅ የሚያርፈው ፖላራይዘር በሚባል፣ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሩብ በማይደርስ ስስ ፊልም ላይ ነው። የዚህ ፊልም መሠረት አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው ነው፤ ፕላስቲክ በአንድ አቅጣጫ ተለጥጦ በአዮዲን ይነከርና በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ያለ እርሱ ስክሪኑ ነጭ ብርሃን እንጂ ምስል አያሳይም። ፊልሙ ለስላሳ ስለሆነ ከላዩ ደግሞ በማይክሮ ሜትር የሚለካ ጠንካራ ሽፋን ይቀባል። ፋብሪካዎች የዚህን ሽፋን ጥንካሬ የሚገልጹት በእርሳስ ነው፤ ብዙ ጊዜ 3ኤች ይሉታል፤ ይህም ማለት 3ኤች የተባለ ጠንካራ እርሳስ በተወሰነ ክብደት ሲጎተትበት አይጫርም ማለት ነው። ከፖላራይዘሩ ኋላ ከሚሊ ሜትር የሚያንሱ ሁለት ስስ መስታወቶችና በመሀላቸው ፈሳሽ ክሪስታሉ፣ ከዚያም መብራቱ ይከተላል።

ነጸብራቅ የማያሳየው፣ ደብዘዝ ያለው የስክሪን ዓይነት ያንን ጠባይ ያገኘው ከላይኛው ሽፋን ሸካራነት ነው፤ በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች የክፍሉን ብርሃን ይበትኑታል። ኮልጌት እነዚህን ጉብታዎች ይላጫቸዋል። ጭረቱ ቢደበዝዝም በዙሪያው አንድ የሚያብለጨልጭ ቦታ ይቀራል፤ ነጭ ገጽ ሲከፈት ያ ቦታ ከጭረቱ የበለጠ ዓይን ይወጋል፤ መመለሻም የለውም። ከዚህ ሌላ ማሸት ግፊት ይፈልጋል። የሰዓት መስታወት ግፊቱን ይችላል፤ የስክሪኑ ስስ መስታወትና ከኋላው ያለው የብርሃን ማሰራጫ ግን አይችሉትም፤ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ይከተላል። ከጨርቁ የተንጠፈጠፈ ውኃ በታችኛው ጠርዝ ከገባ ደግሞ ምስሉን የሚያዝዙት ስስ ገመዶች ያሉት እዚያው ስለሆነ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ መስመር ይወጣል። ለአንዲት ጭረት ሲባል ስክሪኑ በሙሉ ይጠፋል።

ቫዝሊን የሚቀቡም ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ይህ ከኮልጌት ይሻላል፤ ምክንያቱም አይሸረሽርም። ቅባቱ የጭረቱን ቦይ ሲሞላ ብርሃኑ እዚያ ላይ መሰበሩን ስለሚቀንስ ጭረቱ ለጊዜው ይሰወራል። ከቀናት በኋላ ቅባቱ አቧራ ይሰበስብና መጥረግ ግድ ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ አጥፍቶ፣ በብርሃን አጋድሞ ማየት ያለበት ጭረቱ በቅባት ተሰውሮ ሊሆን ስለሚችል ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳት ተጨመረ፤ ለእጅ የተሠራ ጄል ስክሪን ላይ ሲቀባ በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ደመና የመሰለ ቅሪት ይተዋል፤ ያንን ለማስለቀቅ በሶፍት ደጋግሞ ማሸት ደቃቅ ጭረቶችን ወለደ።

ጠጋኙ ማሸቱን ትቶ ወደ መቀየር እንዲዞር ያስቻለው ደግሞ የዋጋና የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላፕቶፖች ስክሪን በየብራንዱ ልዩ ልዩ ነበር፤ ከኋላው የሚያበራው ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ሲሆን ለብቻው ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳም ነበረው። የአንዱን ለሌላው መግጠም አስቸጋሪ ስለነበር ጭረትን ችሎ መኖር የተለመደ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቱቦው በኤልኢዲ ተተካ። ቀጥሎም ባለ 40 ፒን ገመድ ቀርቶ ባለ 30 ፒን ገመድ ተስፋፋ፤ 15.6 ኢንች ስክሪንም የብዙዎቹ ላፕቶፖች መጠን ሆነ። በዚህ የተነሣ ለዴል የተሠራ ስክሪን ለኤችፒ ወይም ለሌኖቮ የሚሆንበት ዕድል ሰፋ። ቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ለዕቃ ተብሎ ይገዛል፤ ደኅና ስክሪኑም ወጥቶ ለሌላው ይተርፋል። የስታዲየም ጠጋኝ ከዚህ በኋላ ጭረትን የሚያሽበት ምክንያት አጣ።

ቅየራው ከውጭ ሲታይ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይለያል፤ ይህን የዘለለ ሰው የመብራቱን ፊውዝ በቀላሉ ያቃጥላል። የዳሩ ፕላስቲክ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይነሣል፤ ስክሪኑ ወደ ኪቦርዱ ይጋደምና ገመዱ የተጣበቀበት ስስ ቴፕ ተነሥቶ ይነቀላል። ሙያው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ መለያ ቁጥር አለ፤ ቢ156 ብሎ የሚጀምር፣ ኤልፒ156 ወይም ኤንቲ156 የሚል ይሆናል። ፊደሉ ፋብሪካውን፣ 156 ደግሞ 15.6 ኢንቹን ያመለክታል። ቀሪዎቹ ቁጥሮች የምስሉን ጥራትና ዓይነቱን ይናገራሉ። ይህን ያላነበበ ጠጋኝ መጠኑ የሚገጥም፣ ገመዱ ግን የማይስማማ፣ ወይም ደብዛዛ በነበረው ፋንታ የሚያንጸባርቅ ስክሪን ይገጥማል። ደንበኛው ጭረት አስጠግኖ መስኮት አጠገብ መሥራት የማይችልበትን ማሽን ይዞ ይሄዳል። የፒኑን ብዛትና የቁጥሩን ትርጉም በቃሉ የያዘ ጠጋኝ ከሰዓት ሠሪው ያላነሰ ባለሙያ ነው።

በጣት የሚነካ ስክሪን ያላቸው ላፕቶፖችና ስልኮች ነገሩን ሌላ መልክ ሰጡት። እነዚህ ከፊታቸው እውነተኛ መስታወት አላቸው፤ ብዙ ጊዜም በጨው መታጠቢያ ውስጥ የጠነከረ ነው፤ በመስታወቱ ፊት ያሉት የሶዲየም ቅንጣቶች ወጥተው ተለቅ ያሉ የፖታሲየም ቅንጣቶች ስለሚተኩ ፊቱ ተጨናንቆ ይጠነክራል። መስታወትን የሚወለውል ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ ዱቄት አለ፤ ጭረቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ነገር ግን የሚሸረሽረው ያንኑ የጠነከረ ፊት ስለሆነ መስታወቱ ይደክማል። የስልክ ጠጋኞች ስለዚህ መስታወቱን ብቻ መቀየር ተማሩ፤ በሙቀት ሰሌዳ አለስልሰው፣ በቀጭን ሽቦ ቆርጠው ያነሡትና አዲሱን በአልትራቫዮሌት መብራት በሚደርቅ ማጣበቂያ ይለጥፋሉ። ከሁሉ ርካሹ ግን መከላከያ ግላስ መለጠፍ ነው፤ በስታዲየም የእግረኛ መንገድ ላይ ከስልክ ሽፋን ጋር የሚሸጠው ይህ ነው። መስታወት በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 5.5 ገደማ ሲሆን ኳርትዝ 7 ነው፤ ግንባታ በማያቋርጥበት ከተማ ኪስና ቦርሳ ውስጥ የሚገባው አሸዋ መስታወትንም ይጭራል።

ሰፈሩ ራሱ ብዙ ተለውጧል። የቀላል ባቡሩ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች በጋራ ከሚያልፉባቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በአቅራቢያው ካለው ከካዛንቺስ ሰፊውን ክፍል አነሣ። በሙያው ላይ የከበደው ግን የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ስክሪን ለተማሪና ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ራቀ፤ ከሞተ ማሽን የወጣ ስክሪን ደግሞ ተፈላጊ ሆነ። ይህ ለአካባቢም ይጠቅማል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥቷል፤ ሜርኩሪ ያለባቸው የድሮ ስክሪኖች ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል የለባቸውም።

አሁን ባለው ዕውቀት ጥፍር የማይይዘውና ሲበራ የማይታየው ጭረት መተው አለበት፤ ማሸቱ ከጭረቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ሲበራም የሚታይ፣ ጽሑፍ የሚጋርድ ጭረት ያለው ስክሪን ይቀየራል። ለማስቀየር የሚሄድ ሰው ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ጠጋኙ ሲያነብ አብሮ ይይ፣ አዲሱም ደብዛዛ ወይም አንጸባራቂ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፣ ከመገጠሙ በፊትም በነጭና በጥቁር ገጽ አስበርቶ ይመልከተው።